ዋሃካን ሳይቸኩሉ መዋል፦ ከተሞክሮዬ

አሜሪካ የምንኖር ሐበሾች «ለዕረፍት ሜክሲኮ ሄድን» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ካንኩን ማለታችን ነው። ባሕር፣ አሸዋ፣ ምግቡም መጠጡም በአንድ ሒሳብ የሚያልቅበት ሆቴል። በዚያ ዓይነቱ ዕረፍት አልከራከርም፤ የደከመ ሰው ይተኛ። እኔና ባለቤቴ ግን በደቡብ ሜክሲኮ፣ በዋሃካ ከተማና በአካባቢዋ ሳንጣደፍ የዋልንበት ቀን ሰውነታችንንም አሳርፎ ብዙ ነገር አሳይቶናል። ከዚያ ቀን ወዲህ ዕረፍትና የሰው አገር ባህል ማየት የሚሻሙ ነገሮች አይመስሉኝም። ጎብኚን የሚያደክመው የቦታው ብዛት ነው። ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል ያልኩትን እነሆ።

ሦስት ቦታ ይበቃል

ዋሃካ ከባሕር ጠለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ በተራሮች የተከበበች ከተማ ናት። ጠዋቷ ነፋሻ፣ ቀትሯ ሞቃት ስለሆነ አዳማን ለሚያውቅ ሰው አየሯ እንግዳ አይሆንበትም። አሮጌው የከተማዋ ክፍልና በአጠገቧ ተራራ አናት ላይ ያለው የሞንቴ አልባን ጥንታዊ ፍርስራሽ በ1987 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የሚታየው ብዙ ስለሆነ አስጎብኚዎች የቱሌን ትልቅ ዛፍ፣ የሚትላን ፍርስራሽ፣ የሸማኔዎቹን መንደርና ሜስካል የሚሉትን አረቄ መጥመቂያ በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ ቀን ያዞራሉ። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጊዜ ፎቶ ለማንሳት እንኳ በቅጡ አይበቃም።

እኛ የመረጥነው ሦስት ቦታ ነው፦ ጠዋት ገበያ፣ ከቀትር በፊት ጀምሮ የሸማኔዎቹ መንደር፣ ማታ አደባባይ። በዚህ ምርጫ ያጣነው ነገር አለ፤ ሚትላንም ሆነ ሜስካል መጥመቂያውን አላየንም። ያየነውን ግን አውቀነዋል። ዛሬም ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ቀኑን ከገበያ ጀምሩት

የቤኒቶ ሁዋሬዝ ገበያ ከዋናው አደባባይ በእግር ቅርብ ነው። ስሙን ያገኘው በ1806 እ.ኤ.አ. በዚሁ ግዛት፣ ጌላታኦ በምትባል መንደር ከዛፖቴክ ቤተሰብ ተወልዶ የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት ለመሆን ከበቃው ሰው ነው። ዛፖቴኮች የአካባቢው ነባር ሕዝብ ናቸው። ሞንቴ አልባንን የቆረቆሩት እነሱ ሲሆኑ ቋንቋቸው ዛሬም ገበያው ውስጥ ይሰማል።

የደረቀ በርበሬ ተራ ስትደርሱ ቁሙ። ጥቁሩ፣ ቀዩ፣ ቡናማው፣ በጭስ የደረቀው ለየብቻው በጆንያ ተደርድሯል። በርበሬ ለእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ተክሉ ግን ከዚሁ ከሜክሲኮና ከአጎራባቾቹ ምድር የወጣ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ የገባው ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነው። በቆሎም እንዲሁ። እኔ ይህን በትምህርት ቤት ሳልማረው ቀርቼ አይደለም፤ ሻጯ ሴትዮ አንድ ዛላ ሰብረው ሲያሸቱኝ ግን የእናቴ በርበሬ ተሰጥቶ የሚደርቅበት ግቢ ፊቴ ድቅን አለ። ሴትየዋ ያሸተቱኝ ፓሲያ የሚሉት፣ በጭስ የደረቀ በርበሬ ነው። ቺልዋክሌ የሚባለው ጥቁሩ ደግሞ ውድ ነው። ታዋቂው ጥቁር ሞሌ፣ ማለትም በብዙ ቅመም የሚሠራው የዋሃካ ወጥ፣ ያለ እሱ ሞሌ አይባልም ይላሉ። የበርበሬው ፍሬ ተለይቶ እስኪያር ይጠበሳል፤ ከዚያ ከቸኮሌት፣ ከሰሊጥ፣ ከቀረፋና ከሌላውም ቅመም ጋር ይፈጫል። ወጥ መሥራት የምትወዱ ሰዎች ይህን ተራ በሩጫ አትለፉት።

የተጠበሱት ፌንጣዎችም እዚያው በቅርጫት ተከምረዋል፤ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጨው ነው የሚሠሩት። ባለቤቴ በላ፣ እኔ አልበላሁም።

ለመጠጣት ተቀመጡ

ከገበያው ሁሉ ልቤ የቀረው ቴሃቴ ከሚሸጡት እናት ዘንድ ነው። ቴሃቴ የበቆሎና የካካዋ መጠጥ ነው። በአመድ ውኃ የተቀቀለ በቆሎ፣ የተቆላ ካካዋ፣ ማሜይ የሚሉት ፍራፍሬ ዘርና ጥሩ መዓዛ ያለው የአንድ ዛፍ አበባ አብሮ ይፈጫል። ብዙዎቹ ሻጮች ከከተማዋ ወጣ ብላ ካለችው ሳን አንድሬስ ዋያፓም የሚመጡ ሴቶች ናቸው።

እኚህ ሴትዮ ሊጡን በትልቅ የሸክላ ገበቴ ውስጥ እስከ ክርናቸው ገብተው ያሻሉ። ቀዝቃዛ ውኃ በቅል እየቀዱ ከከፍታ ያንቆረቁሩበታል፤ መልሰው ያሻሉ፤ እንደገና ያንቆረቁራሉ። ቀስ እያለ አይብ የመሰለ ነጭ አረፋ ወደ ላይ ይወጣና ገበቴውን ይሸፍነዋል። አረፋው ካልወጣ ሰው አይገዛቸውም። ሲሸጡ አረፋውን በጥንቃቄ ከላይ ቀድተው፣ ቀይ ቀለም በተቀባና አበባ በተሣለበት ቅል ይሰጣሉ። በላስቲክ ብርጭቆ ይዞ መሄድም ይቻላል፤ አብዛኛው ጎብኚ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኛ ግን አጠገባቸው ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጠን በቅሉ ጠጣን።

መቀመጥ ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል። ሴትየዋ ማውራት ጀመሩ። ማለዳ ምን ያህል ቀድመው እንደሚነሡ፣ በቆሎውን ማታ ቀቅለው እንደሚያሳድሩት፣ ሥራውን ከእናታቸው እንደተማሩ ነገሩን። ባለቤቴ ከሥራ ባልደረቦቹ የለመዳት ስፓኒሽ ለዚህ በቅታናለች። አንድ ወጣት ልጅ ለመውሰድ ሲቸኩል «ቆይ ልጄ፣ አረፋው ገና ነው» አሉት። ልጁም ቆመ። ወረፋ የያዘውም ሰው ሁሉ ያለ ማጉረምረም ቆመ።

ስለ ጾምና ስለ አሳማ

ይህን ለእኛ ሰው ለብቻው መጻፍ አለብኝ፣ ምክንያቱም በየትኛውም የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም። የዋሃካ ምግብ ከላይ ሲታይ የጾም ይመስላል፦ በቆሎ ቂጣ፣ ቦሎቄ፣ ጎመን፣ የቁልቋል ቅጠል። ነገር ግን ትላዩዳ የሚባለው ትልቁ ቂጣ ቦሎቄው ከመደረጉ በፊት አሲየንቶ በሚሉት የአሳማ ስብ ይቀባል። የቦሎቄው ወጥና ታማሌ የሚባለው በቅጠል የሚጠቀለል ምግብም ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ይገባበታል። ሞሌውም ሥጋ ባይኖረው እንኳ በዶሮ መረቅ የቀጠነ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም አስቀድማችሁ ጠይቁ። «ሲን አሲየንቶ፣ ሲን ማንቴካ» ካላችሁ ስብ እንዳይገባበት ማለታችሁ ነው፤ ሁሉም ይረዳችኋል፣ ማንም አይቀየማችሁም። ቴሃቴ ወተት የለበትም። የዋሃካ ቸኮሌትም በውኃ ተመትቶ ይጠጣል፤ ለዓርብና ለረቡዕ ይሆናል። ከገበያው አጠገብ ሚና በሚባለው መንገድ ላይ ካካዋውን ከለውዝ፣ ከቀረፋና ከስኳር ጋር ደንበኛው በፈለገው ልክ የሚፈጩ ወፍጮ ቤቶች አሉ። መዓዛው ከሩቅ ይጠራል።

ሥጋ ለሚበላ ሰው ጎረቤቱ የ20 ደ ኖቪየምብሬ ገበያ አለ። በከሰል ጭስ በታፈነ አንድ መተላለፊያ ውስጥ ሥጋችሁን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፣ እዚያው ይጠበስላችኋል። ታሳሆ የሚሉት በስሱ ተዘልዝሎ በመጠኑ የደረቀ የበሬ ሥጋ ነው። እሱን ማዘዝ ጥሩ ነው፤ ከአሳማው ጋር በአንድ ፍም ላይ እንዳይጠበስ ግን ንገሯቸው።

በቆሎው ላይ ጥቂት ልቆይ

የዚህን አገር ሰው ለማወቅ የፈለገ በቆሎውን ይወቅ። በሚትላ አቅራቢያ ጊላ ናኪትዝ በተባለ ዋሻ የተገኙት የበቆሎ ቆረቆንዳዎች ከ6,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። የዋሃካ ሴቶች በቆሎውን እንዳለ አይፈጩትም። ኖራ በገባበት ውኃ ቀቅለው ያሳድሩታል፣ አጥበው ልጣጩን ያወልቃሉ፣ ከዚያ እርጥቡን ይፈጩታል። ኖራው በበቆሎው ውስጥ ተቆልፎ የሚቀረውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚን ለሰውነት እንዲገኝ ያደርጋል። በቆሎ ወደ አውሮፓ ሲሻገር ይህ ዘዴ አብሮት አልተሻገረም። በሰሜን ጣሊያን፣ በኋላም በደቡባዊ አሜሪካ በቆሎ ብቻ ይበሉ የነበሩ ድሆች ፔላግራ በሚባል በሽታ አለቁ። የገበሬ ሴቶች ዕውቀት ከቁም ነገር ሳይቆጠር ሲቀር ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ባትሸምቱም ሰላምታ ስጡ

ሱቅ ስትገቡ፣ ታክሲ ስትሳፈሩ፣ ወንበር ስትጋሩ ቀድማችሁ «ብዌኖስ ዲያስ» በሉ። ከምግብ ቤት የሚወጣ ሰው የማያውቃቸውን ተመጋቢዎች «ፕሮቬቾ» ብሎ መርቆ ነው የሚያልፈው። እኛም እንዲሁ ማድረግ ጀመርን፤ ፊታቸው ወዲያው ይፈታል። ሰላምታ ሳይሰጡ ዋጋ መጠየቅ በአገራችን እንደሚያስቀይመው እዚያም ያስቀይማል።

ከየት እንደመጣን ሲጠይቁን ኢትዮጵያ ስንል፣ ሜክሲኮ ሲቲ የኖረ ሰው ሁሉ ኢትዮጵያ የሚባለውን የባቡር ጣቢያ ያነሣል፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። የአዲስ አበባውን ሜክሲኮ አደባባይ ስንነግራቸው ደግሞ እነሱ ይደነቃሉ። ሜክሲኮ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ስትይዝ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ናት። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴም በ1954 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። ይህን ታሪክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሰው ጋር ለመጨዋወት ጥሩ መግቢያ ነው።

ለሸማኔው ቤት ግማሽ ቀን ስጡት

ቴኦቲትላን ዴል ቫዬ ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮሌክቲቮ በሚሉት የጋራ ታክሲ ሄድን፤ ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ከአገሬው ሰው ጋር ተጠጋግቶ መሄድ ነው። የመንደሩ ሰው ዛፖቴክ ነው፤ መተዳደሪያው የሱፍ ምንጣፍ ሽመና ነው። ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት ጥጥ ይሸምኑ ነበር፤ አንዱ ጫፍ ዛፍ ላይ፣ ሌላው ወገባቸው ላይ በሚታሰር መሸመኛ። በጉንና በእግር የሚረገጠውን ትልቁን መሸመኛ ስፔኖች በ16ኛው ክፍለ ዘመን አመጡ። መንደርተኛው ሁለቱንም ተቀብሎ የራሱ አደረጋቸው። በምንጣፎቹ ላይ የሚታየው የደረጃና የጠመዝማዛ ሐረግ ሚትላ ፍርስራሽ ግድግዳ ላይ ያለው የድንጋይ ጌጥ ነው።

ከዋናው መንገድ ዳር ትልልቅ የሽያጭ አዳራሾች አሉ፤ የአውቶቡስ ጎብኚ የሚራገፈው እዚያ ነው። ወደ ውስጥ ግቡ። እኛ ሰላምታ ሰጥተን የገባንበት ግቢ ውስጥ አንድ አዛውንት መሸመኛቸው ላይ ቆመው ይሠሩ ነበር። ባለቤታቸው ጥላው ሥር የደረቀ ግራጫ ፍሬ የመሰለ ነገር በሳሕን ይዘው ተቀምጠዋል። ፍሬ ሳይሆን ኮቺኒል የምትባለው ነፍሳት ናት፤ በለስ ቁልቋል ላይ ነው የምትኖረው። ሴትየዋ ጥቂቱን አንሥተው መዳፌ ላይ አደረጉና በጣታቸው ደፈጠጡት። መዳፌ ደም መሰለ። ሎሚ ጠብ ሲያደርጉበት ወደ ብርቱካናማ ቀይ ተለወጠ። ከዚያ ትንሽ ኖራ በተኑበት፤ ወይን ጠጅ ሆነ። አንድ መዳፍ ላይ ሦስት ቀለም፣ ያውም ምንም ፋብሪካ ሳይነካው። ሰማያዊው ከኢንዲጎ ቅጠል ይወጣል፣ ብጫው ከአበባ።

ይህች ትንሽ ነፍሳት በቅኝ ግዛት ዘመን ከብር ቀጥሎ የሜክሲኮ ዋና የወጪ ንግድ ነበረች። ስፔን ምሥጢሩን ለረጅም ጊዜ ደብቃ ያዘች፤ የአውሮፓ ካርዲናሎችም የእንግሊዝ መኮንኖችም ቀይ የለበሱት በእሷ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ሠራሽ ቀለም ሲመጣ ገበያው ወደቀ። ለእኛ ደግሞ ሌላ ትዝታ አላት። ትግራይ ውስጥ ሕዝቡ በክረምት የሚመገበው በለስ ሥሩ ከሜክሲኮ ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገባ። ነፍሳቷም ኋላ ለቀለም ምርት ወደ ደቡብ ትግራይ ገብታ ከቁጥጥር ስትወጣ የብዙ ገበሬ በለስ አጠፋች። ቴኦቲትላን ውስጥ በረከት የሆነችው እኛ ዘንድ ተባይ ሆነች። ልዩነቱ ያለው እጅ ላይ ነው፤ እዚህ እየለቀሙ የሚቆጣጠሯት፣ ከልጅነት የሚያውቋት ሰዎች አሉ። ይህን ለአዛውንቱ ስንነግራቸው ሥራቸውን አቁመው ረጅም ጊዜ ጠየቁን፦ ቁልቋሉ ምን ያህል ይራራቃል፣ ዝናቡ መቼ ነው፣ ማን ይለቅማታል።

ዋጋው ላይ አትጨክኑ። አንድ መካከለኛ ምንጣፍ እንደ ሐረጉ ክብደት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፤ ሱፉን ማጠብ፣ መፍተልና መንከር ሳይቆጠር። በፋብሪካ ቀለም የተነከረም ስላለ «ቀለሙ ከምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የዋጋው ልዩነት የሚመጣው ከዚያ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ የሸማኔውን ዋጋ ግማሽ ብሎ መጀመር ልማድ ሆኗል፤ እዚህ ግን የተጠየቀውን ወይም ለዚያ የቀረበውን መክፈል ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። አቅም ካልበቃ ትንሹን ግዙ። እኛ የገዛነው ለግድግዳ የሚሆን ትንሽ ነው።

ፎቶም ሳትጠይቁ አታንሡ፣ በተለይ አሮጊቶችንና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ሰው። እምቢ ካሉ እምቢ ነው።

ማታ አደባባዩ ይብቃችሁ

ወደ ከተማ ስንመለስ ፀሐይዋ ለመጥለቅ ተቃርባ ነበር። የአብዛኛው የድሮ ሕንፃ ድንጋይ አረንጓዴ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ከተማዋ ልዩ መልክ አላት። ሶካሎ በሚሉት ዋና አደባባይ ዛፎቹ ሥር አግዳሚ ወንበር ይዛችሁ ተቀመጡ። ልጆች በካቴድራሉ ፊት ረጃጅም ፊኛ ወደ ሰማይ እየወረወሩ ይሮጣሉ፣ ማሪምባ የሚመቱት ሙዚቀኞች ከምግብ ቤት ወደ ምግብ ቤት ይዞራሉ። መግቢያ አይከፈልም። ቅዳሜ ከሆነ ከሳንቶ ዶሚንጎ ቤተ ክርስቲያን ሠርግ ሊወጣ ይችላል፦ ነሐስ የሚነፋ ባንድ፣ ሰው ተሸክሟቸው የሚጨፍሩ ግዙፍ አሻንጉሊቶች፣ ከኋላ ሙሽሮቹ። መንገደኛውም ተከትሎ ይጨፍራል፤ ማንም አይከለክልም።

ይህ አደባባይ እንዲህ የቆየው በራሱ አይደለም። ፍራንሲስኮ ቶሌዶ የሚባለው ታላቅ ሠዓሊ (1940–2019) በ2002 እ.ኤ.አ. ማክዶናልድስ እዚህ ሊከፍት ሲል ተቃውሞውን የመራው ለሕዝቡ ታማሌ በነፃ እያደለ ነበር። ማክዶናልድስ አልተከፈተም። ሳንቶ ዶሚንጎ ጀርባ ያለው የአገር በቀል ዕፅዋት ቦታም በእሱና በባልደረቦቹ ትግል የተረፈ ነው፤ ጊዜ ካላችሁ በሌላ ቀን እዩት።

ለመሄድ ላሰባችሁ

አሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ቢሆንም ለጉብኝት የሜክሲኮ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ደንብ ስለሚለወጥ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ቆንስላውን ጠይቁ። ሰኞ ሙዚየሞች ይዘጋሉ። እሑድ ትላኮሉላ በምትባል ከተማ ሰፊው ገበያ ይቆማል፤ ከቴኦቲትላን ቅርብ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል። በሐምሌ ጌላጌትሳ የሚሉት የጭፈራ በዓል፣ በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ የሙታን መታሰቢያ አለ፤ ሁለቱም ያማሩ ናቸው፣ ሆቴል ግን ውድ ነው፣ መንገዱም ሰው አያስተላልፍም። ረጋ ያለ ቀን የፈለገ ሰው የካቲትን ወይም መጋቢትን ይምረጥ። ጥሬ ገንዘብ በትንንሹ ያዙ፤ ቴሃቴ ሻጯም ሸማኔውም ካርድ ላይቀበሉ ይችላሉ። ምንጣፍ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከአየር ማረፊያ ሱቅ ሳይሆን ከሠራው ሰው እጅ ግዙ።